ጉሮሮሽ ሳይጎዳ ድምፅሽ ከጊታሩ በላይ እንዲሰማ፦ ድሬ ላይ ሃርድ ሮክ ለምትዘፍን

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፄ ጠፋ። ከዚራ ሰፈር፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሊድ ጊታሪስታችን በጨመረ ቁጥር እኔም ጨመርኩ። ድራመሩም እንዳይዋጥ ብሎ ጠንከር አደረገ። አራተኛውን ልጀምር አፌን ስከፍት ከጉሮሮዬ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከእናቴ ጋር የተግባባነው በምልክትና በወረቀት ነው።

ያኔ ድምፄ ለሮክ የማይሆን መስሎኝ ነበር። አሁን የማምነው ሌላ ነው። ሴት ልጅ ከሃርድ ሮክ ባንድ ፊት ስትቆም የሥራው ግማሽ የሚያልቀው አፏን ከመክፈቷ በፊት ነው። የጊታሩ ቅኝት፣ የግጥሙ ፊደል፣ የሞኒተሩ (ለዘፋኟ ድምፅዋን መልሶ የሚያሰማት ስፒከር) አቀማመጥ፣ የአምፑ (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) አቅጣጫ ሁሉ ለድምፁ መንገድ መጥረግ አለበት። መንገዱ ካልተጠረገ የትኛውም ጉሮሮ አይችለውም።

ሮክ የወንድ ነው የሚልሽ ሰው ካለ ብዙ አትከራከሪ። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ከፊት ከቆሙት አራት ድምፃውያን ሁለቱ፣ ኃሌሉያ ተክለፃድቅና ሔዋን ገብረወልድ፣ ሴቶች ነበሩ። የእንግሊዙ ስካንክ አናንሲ ባንድ ድምፃዊት ስኪን ጥቁር ሴት ናት፤ በ1999 የግላስተንበሪ ፌስቲቫልን ትልቅ መድረክ ከባንዷ ጋር የዘጋችው እሷ ናት። አሜሪካዊቷ ሊዚ ሄይል ሃሌስቶርም የተባለውን የሮክ ባንድ በ1997 የጀመረችው ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው። እሷ ጊታር ይዛ ትዘፍናለች፣ እሱ ድራም ይመታል። በ2013 ግራሚ ወስደዋል። ድሬም ብትሆን ድሮውንም የባንድ ከተማ ናት። አሊ ቢራ በልጅነቱ የዘፈነበት አፍረን ቀሎ በ1960ዎቹ እዚሁ ነው የተቋቋመው።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

አንደኛ፦ ጣሪያሽን እወቂ፣ ጊታሩን ወደ አንቺ አምጪው

ስልክሽ ላይ የፒያኖ አፕ ጫኚ። ከመሀል ጀምረሽ በ"አ" እየዘፈንሽ አንድ አንድ ድምፅ ወደ ላይ ውጪ። የምትፈልጊው አንዴ ጮኸሽ የምትነኪውን ድምፅ አይደለም። አምስት ጊዜ አከታትለሽ፣ አንገትሽ ሳይገተር፣ አገጭሽ ወደ ላይ ሳይቀና የምትዘፍኚውን ከፍተኛ ድምፅ ፈልጊ። ያ ጣሪያሽ ነው። ወረቀት ላይ ጻፊው። የዘፈኑ ከፍተኛ ቦታ ከዚህ ጣሪያ አንድ ድምፅ ዝቅ ይበል። መድረክ ላይ ድካም አለ፣ ሙቀት አለ፣ ድንጋጤ አለ። ያቺ አንድ ድምፅ መጠባበቂያሽ ናት።

አሁን ጊታሪስቱን አነጋግሪው። አብዛኛው የሮክ ሪፍ፣ ማለት ጊታሩ የሚደጋግመው አጭር ሐረግ፣ የሚወጣው ከጊታሩ ወፍራም ክር፣ ከኢ ነው። በኢ ማይነር ከሆነ ዜማሽ ከመሀለኛው ኢ ተነስቶ እስከ ላይኛው ኢ ይደርሳል። ላይኛው ኢ በደረት ድምፅ ለብዙ ሴት ከባድ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ጊታሩንም ቤዙንም አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙ። ኢ የነበረው ዲ ይሆናል። ለአንቺ ጣሪያው ይቀርብሻል፣ ለእነሱ ደግሞ ሪፉ ይከብዳል። ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ። ክሩ ሲላላ እንዳይንቀጠቀጥ አንድ ቁጥር ወፈር ያለ ክር ይግዙ።

ስለ ስኬል አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔ ስሰማው ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። ሮክ ጊታሪስት ሌት ተቀን የሚጫወተው ባለ አምስት ድምፅ ማይነር ስኬል ከእኛ ባቲ ማይነር ቅኝት ጋር አንድ ዓይነት ድምፆች ናቸው። ከዲ ብትጀምሪ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ። ልዩነቱ ዜማው የሚያርፍበት ድምፅና አካሄዱ ላይ ነው። ስለዚህ ሶሎው ላይ የባዕድ አገር ዜማ መቅዳት የለብሽም። በልጅነትሽ ሠርግ ላይ የሰማሽው አዘፋፈን፣ ድምፁን የምታጥፊበት፣ የምታንቀጠቅጪበት መንገድ፣ ድምፁ ሆን ተብሎ በሻከረው ጊታር ላይ ልክ ይቀመጣል። ጊታሪስታችን ሪፉን ሲደጋግም እኔ ከላዩ በባቲ ማንጎራጎር የጀመርኩ ቀን ነው ባንዳችን የራሱን መልክ ያገኘው።

ሁለተኛ፦ ግጥሙን ለጉሮሮሽ ጻፊው

ይህን ማንም አላስተማረኝም። ብዙ ድምፃዊት የምትጎዳውም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ከፍተኛ ድምፅ ላይ ለመቆየት አፍ መከፈት አለበት። የአማርኛ ፊደል ደግሞ አፋችን ምን ያህል እንደሚከፈት ቀድሞ ይነግረናል። ራብዕ፣ ማለት ላ፣ ማ፣ ሳ፣ ና፣ አፍን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ሳብዕም፣ ሎ፣ ሞ፣ ኖ፣ ጥሩ ነው። ሳድስ ግን አፍን ይዘጋዋል። "ፍቅር" የሚለውን ቃል ተመልከቺ። ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። ይህን ቃል ጣሪያሽ ላይ ለአራት ምት ያዢ ብትባዪ ጉሮሮሽን ማነቅ ብቻ ነው የሚቀርሽ። "ድል"ም፣ "ልብ"ም እንደዚሁ። በሌላ በኩል "ትዝታ"ን አስቢ። ዘፋኞች ሁሉ መጨረሻው "ታ" ላይ እንደፈለጉ ሲዘረጉት የምንሰማው ራብዕ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ አዝማቹን ስትጽፊ ከፍተኛው ድምፅ የሚያርፍበትን ፊደል አክብቢበት። ሳድስ ከሆነ ቃሉን አትጣዪው፣ ቦታውን ለውጪ። "አለኝ ፍቅር" ብለሽ ከመዝጋት "ፍቅር አለና" ብለሽ "ና" ላይ ውጪ። "እሳት" ካልሽ "ሳ" ላይ ቆዪ፣ "ት"ን መጨረሻ ላይ ብቻ ንኪያት።

ሌላው እየፈነዱ የሚወጡት ፊደላት ናቸው፤ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ። እነዚህን ስንል ጉሮሯችን ለቅጽበት ግጥም ብሎ ይዘጋል። ረጅምና ከፍተኛ ድምፅ በእነሱ ከጀመርሽ ከተዘጋ በር ላይ ነው የምትነሺው። ሃያ ጊዜ ስትደጋግሚው ይቆስላል። ዝቅ ባለው የዘፈኑ ክፍል ግን ወርቅ ናቸው። "በቃ" የሚለውን ቃል ውሰጂ። "ቃ" ጠብቃ ትመታለች፣ ወዲያው በራብዕ ትከፈታለች። መካከለኛ ድምፅ ላይ አድርገሽ ልክ ድራመሩ ስኔር የሚባለውን ከበሮ ሲመታ "ቃ"ን ካሳረፍሻት ሳትጮኺ አዳራሹ ይነቃል። አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል ያለው ቋንቋ ነው። ለሮክ ምት የተሠራ ይመስላል። በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛም ከዘፈንሽ፣ ድሬ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም፣ የቋንቋውን ክፍት አናባቢ በተመሳሳይ መንገድ ፈልጊ።

ሦስተኛ፦ ትንፋሽና ማሟሟቂያ

ምንጣፍ ላይ በጀርባሽ ተኚ። ሆድሽ ላይ መጽሐፍ አስቀምጪ። ስትስቢ መጽሐፉ ይነሳ፣ ትከሻሽ አይነሳ። ከዚያ "ስስስ" እያልሽ ቀስ ብለሽ አውጪው። መጀመሪያ 15 ሰከንድ ይበቃል። በየቀኑ ከሠራሽው 30 ሰከንድ ሩቅ አይደለም። ስታወጪ ጎድንሽ ቶሎ እንዳይከደን ያዢው፤ የድምፅ ኃይል ያለው እዚያ መያዙ ላይ ነው። ማለዳ ፀሐይ ሳትከር ከዚራ ዛፎች ሥር እየሄድሽም ይሠራል። በአራት እርምጃ ሳቢ፣ በአሥራ ሁለት እርምጃ አውጪ።

ከልምምድ በፊት 15 ደቂቃ አሟሙቂ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ እስከ ግማሹ ያዢ። ስትሮ ሁለት ጣት ያህል አስገቢበትና አረፋ እያወጣሽ "ኡ" በዪ። ዜማውን ወደ ላይና ወደ ታች አንሸራትቺው። የውሃው ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ የድምፅ አውታሮቹን ያግዛቸዋል፣ ሳይጋጩ እንዲርገበገቡ ያደርጋል። አምስት ደቂቃ እንዲህ ከሠራሽ በኋላ ከንፈርሽን እንደ ፈረስ እያርገፈገፍሽ ቀጥዪ። መጨረሻ ላይ የዘፈኑን ስንኞች በግማሽ ድምፅ። ጎረቤት ምን ይለኛል አትበዪ። አንድ ሳምንት ይስቃሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል።

አራተኛ፦ ሻካራው ድምፅ

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ያ የሚያጓራው፣ የሚቧጥጠው ድምፅ እንዴት ይወጣል?

ከዋናዎቹ የድምፅ አውታሮች በላይ ሌላ ጥንድ እጥፋት አለ። በደንብ የሚሠራ ሻካራ ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው። ታችኞቹ አውታሮች ንጹሑን ዜማ ይዘው ይቀጥላሉ፣ ላይኞቹ ሻካራውን ይጨምሩበታል። መጀመሪያ ስንኙን ንጹሕ አድርገሽ ዝፈኚ። ንጹሑ ካልቆመ ሻካራውን አትሞክሪ። ከዚያ ከባድ ዕቃ ስታነሺ የምታሰሚውን ማቃሰት አስቢና በትንሹ ጨምሪበት። በትንሹ ነው ያልኩት። ይህ ድምፅ ከፍ ብሎ የሚሰማው በማይክ ነው፤ ክፍል ውስጥ ሲሰማ ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው።

መጀመሪያ ላይ በቀን ከአሥር ደቂቃ አትለፊ። ጉሮሮሽ ከከረከረሽ፣ ሳል ሳል ካለሽ ወይም ካመመሽ እዚያው አቁሚ። ፈተናው ይህ ነው፤ እንደጨረስሽ ወዲያው በተለመደው ድምፅሽ "እንደምን ዋልሽ" በዪ። ድምፅሽ ከተሰነጠቀ አሠራርሽ ትክክል አይደለም። መጎርነኑ ከ3 ሳምንት ካለፈ ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ በዝንጅብልና በማር ብቻ አትቆዪ።

ደግሞም ዘፈኑን ሙሉ አትቧጥጪው። ሁለት ሦስት ቃል ምረጪ።

አምስተኛ፦ የልምምድ ክፍሉ

እኔ ድምፄን ያጣሁት መድረክ ላይ ቢሆንም፣ የታመምኩት ልምምድ ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ሁካታ ውስጥ ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ፈቃድሽን አይጠይቅም። ራስሽን ካልሰማሽ ትጮኺያለሽ፣ አለቀ።

ስለዚህ የልምምድ ሕጋችን አንድ ናት፦ ከድምፅ እንጀምራለን። ሌላ ነገር ሳይከፈት ማይክሽን ክፈቺ። እስኪያፏጭ ድረስ ከፍ አድርጊ፣ ከዚያ ትንሽ መልሺው። ይህ የክፍሉ አቅም ነው። ድራመሩ ከዚህ በታች ይምታ። ቤዙ ከድራሙ ጋር ይስተካከል። ጊታሩ መጨረሻ ይግባ። አብዛኛው ባንድ የሚጀምረው ከጊታር ነው፤ ከዚያ ዘፋኟ ምን ትሆን?

ጊታሪስቱ "አቦ፣ ራሴን አልሰማም" ይልሻል። እውነቱን ነው፤ አምፑ እግሩ ሥር ተቀምጦ ቁርጭምጭሚቱን ነው የሚያሰማው። ወንበር ላይ አውጡለት፣ ወይም ወደ ኋላ አዘንብሉትና ወደ ጆሮው ይቀና። ወዲያው ይቀንሳል። ከዚያ ሚክሰሩ ላይ ከጊታሩ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ አካባቢ ትንሽ ቀንሱ። የቃላትሽ ጥራት የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከድምፅሽ ደግሞ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ ጉምጉምታ ብቻ ነው።

የእኛ ሰፈር ክፍሎች ሲሚንቶ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ናቸው። ድምፅ ይነጥራል። ማይክሽ የሚያየው የጀርባሽን ግድግዳ ስለሆነ እዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ከፊትሽ ባለው ግድግዳም አንድ ጨምሩ። መሬቱ ላይ ምንጣፍ። ይህ ከማንኛውም ውድ ዕቃ ቀድሞ ይመጣል። የጆሮ መድፈኛም ያዙ። የተለመደው የጥንቃቄ ስሌት 85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀርሽ። ሮክ ባንድ በትንሽ ክፍል ውስጥ 100 መድረስ አያቅተውም።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተስማሙ። እኛ ሁለት ቤት አልፈው ያሉትን እናት ሄደን ነበር ያነጋገርነው። "እማማ፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምንለማመደው። ከረበሽንዎ ልጅ ይላኩብን፣ ወዲያው እናቆማለን።" ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከመግሪብ በፊት ማለት ነው። ቃላችንን ጠበቅን። አሁን ካልተለማመድን ደኅና መሆናችንን የሚጠይቁን እሳቸው ናቸው።

ስድስተኛ፦ ማይክና መብራት

ሹር ኤስ ኤም 58 ከ1966 ጀምሮ መድረክ ላይ ያለ ማይክ ነው። ለሮክ በቂ ነው። አስመስሎ የተሠራ ግን ብዙ አለ። ትክክለኛው 298 ግራም ይመዝናል፤ የቀለለ ከመሰለሽ ሱቅ ያለ ሚዛን ላይ አስቀምጪው። ይህ ማይክ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ አይሰማም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሞኒተሩ ልክ ከማይኩ ጀርባ፣ ከፊትሽ መሬት ላይ ይሁን። የማይኩን ጭንቅላት በእጅሽ አትጨብጪ። ቪዲዮ ላይ ያምራል፣ ነገር ግን ማይኩ ከየአቅጣጫው እንዲሰማ ያደርገዋል፤ ያፏጫል። ዝቅ ያለውን ስትዘፍኚ ሁለት ጣት ያህል ቅረቢ፣ ስትወጪ አንድ ስንዝር ያህል ራቂ።

አሁን ስለ መብራት በጣም ልለምንሽ። አንድ ምሽት ከንፈሬ ማይኩን ሲነካ ነዘረኝ። የጊታር አምፑና ሚክሰሩ ከተለያየ ሶኬት ነበር የተሰኩት፣ አንደኛው ግራውንድ አልነበረውም። እኔ ደግሞ የጊታሩን ክር በእጄ ይዤ ነበር። 220 ቮልት ቀልድ የለውም። ከመድረክ በፊት ሁሉንም ዕቃ ግራውንድ ካለው አንድ መስመር አውጡ። ዲቫይደሩ ሦስተኛ እግር ያለው ይሁን፣ ያቺን እግር ማንም እንዳይቆርጣት። ማይክና ጊታር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ከመንካትሽ በፊት ኤሌክትሪሽያን በመለኪያ ይፈትሽላችሁ። ማይኩ ላይ ስፖንጅ አድርጊ። ነዘረኝ ካልሽ ደግሞ ማንም "ቀላል ነው፣ ዝፈኚ" ቢልሽ አትዝፈኚ።

ሰባተኛ፦ የድሬ ሙቀት፣ ውሃና ጫት

የምትጠጪው ውሃ የድምፅ አውታርሽን አይነካም። በሌላ ቧንቧ ነው የሚያልፈው። በደም ዞሮ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈልጋል። ስለዚህ መድረክ ላይ ጉሮሮ ማርጠብ ብቻውን አያድንም፤ ከጠዋት ጀምሮ ጠጪ። ጋዝ ያለውን ተዪው፣ ያገሳሻል። ከበርበሬና ከሚጥሚጣ ጋር የተበላ ራት ደግሞ አሲዱ ወደ ጉሮሮ ሲመለስ ድምፅ ያጎረንናል። ከመዝፈንሽ ከሦስት ሰዓት በፊት ብዪ።

ጫት ላይ ግልጽ ልሁን። በርጫ የከተማችን ወግ ነው፣ ጓደኝነት ነው፣ ብዙ ዜማም እዚያ ተወልዷል። ነገር ግን አፍና ጉሮሮን ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ድምፃዊት በትዕይንት ቀን እና በዋዜማው መቃም የለባትም። ባንዱ ከቃመ አብረሽ ተቀመጪ፣ ውሃሽን ይዘሽ ተጫወቺ። ሺሻ ያለበት ክፍል ውስጥ ግን አትቀመጪም።

ሐረር ለመዝፈን ከወጣሽ ሌላ ነው። መንገዱ አጭር ነው፤ የደንገጎን ዳገት ስትወጪ ግን አየሩ ይለወጣል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ማታ ይበርዳል፣ ትንፋሽም ቶሎ ያልቃል። አንገትሽን በሻሽ ጠቅልዪ፣ ማሟሟቂያውን ወደ 25 ደቂቃ አርዝሚ። ጊታሮቹም ከሙቀት ወደ ብርድ ሲገቡ ቅኝታቸው ይለቃል። ቀድማችሁ ድረሱ፣ ከሳጥናቸው አውጥታችሁ አሳርፏቸው።

ስምንተኛ፦ የትዕይንቱ ቀን

ከባዱን ዘፈን መጀመሪያ ላይ አታድርጊ። ሁለተኛና ሦስተኛው ድምፅሽን ይክፈቱልሽ፣ አራተኛው ላይ ልቀቂው። ከእሱ ቀጥሎ ጊታሪስቱ ረጅም ሶሎ ይጫወት፣ አንቺ ጠጪ፣ ተንፍሺ። የ45 ደቂቃ ትዕይንት ውስጥ ጣሪያሽን የሚነኩ ዘፈኖች ከአራት አይብለጡ። የድሬ ሕዝብ ከሞቀ አብሮሽ ይዘፍናል፤ አዝማቹን ማይክ ዘርግተሽ ስጪው። ለእሱ ደስታ ነው፣ ለአንቺ እረፍት።

ሳውንድ ቼክ ላይ በሙሉ ድምፅሽ ዝፈኚ፣ ግን አንድ ስንኝ ብቻ። በሹክሹክታ ሞክረሽ ማታ ብትጮኺ ባለሙያው የሰጠሽ መጠን ሁሉ ስህተት ይሆናል።

ስትወርጂ ሰው ይከብሻል፣ ሙዚቃው ገና አልቆመም፣ ሁሉም ጆሮሽ ላይ እየጮኸ ያመሰግንሻል። ፈገግ በዪ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ፣ ወደ ውጭ ውጪ። ማንሾካሾክም አያስፈልግም፤ እሱም አውታሮቹን ያደክማል። ቤት ስትደርሺ ያቺኑ ሃይላንድና ስትሮ አውጪና አምስት ደቂቃ አረፋ አውጪ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ እየወረድሽ። በነጋታው እስከ እኩለ ቀን ዝም በዪ። እኔ እናቴን ገና ማታውኑ በወረቀት እነግራታለሁ፤ ጠዋት ቁርሱን ስታቀርብልኝ ምንም አትጠይቀኝም።